ሪያድ የሠራችው ወንዝ፣ ያልጠራቻቸው ወፎች

ሪያድ የምትጠጣው ውሃ አብዛኛው ከባሕር የተቀዳ ነው። እንደ ጁባይልና ራስ አል ኸይር ባሉ የባሕረ ሰላጤው ጠረፎች ጨው ከወጣለት በኋላ በቧንቧ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በረሃ አቋርጦ፣ ከባሕር ወለል 600 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለችው ከተማ ሽቅብ እየተገፋ ይደርሳል። ቡና ይፈላበታል፤ ሩዝ ይታጠብበታል፤ ውዱእ ይደረግበታል። ከየቤቱ ከወጣ በኋላ ደግሞ በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች አልፎ፣ ከተማዋን በምዕራብና በደቡብ በሚያዋስናት የሐኒፋ ሸለቆ ይወርዳል። አል ሐይር ከሚባለው ስፍራ ሲደርስ ተንጣሎ ሐይቅ ይሠራል፤ ሸምበቆ ያበቅላል፤ ዓሣ ያረባል። በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ብቻ የምታገኝ ከተማ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ወንዝ ባለቤት የሆነችው እንዲህ ነው።

ወፎቹን የጠራቸው ሰው አልነበረም። ውሃው ጠራቸው። አሁን ሪያድ ከዚያ ሸለቆ እጅግ የሚበልጥ ውሃና ሣር በከተማዋ እምብርት ላይ ለመዘርጋት ተነሥታለችና፣ ሌሎች ከተሞች ዘግይተው የጠየቁትን ጥያቄ ከወዲሁ ብትጠይቅ ይበጃታል፦ ለየትኛው ወፍ ነው የምናነጥፈው?

ሸለቆው ራሱ የቆየ ነው። ከጡወይቅ ተራራ ተነሥቶ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይዘልቃል። የመጀመሪያው የሳዑድ መንግሥት መናገሻ ዲርዒያ የቆመችው በዳርቻው ነው፤ ለብዙ ዘመንም የተምር እርሻ ነበር። ከተማዋ በነዳጅ ገንዘብ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ስትገዝፍ ግን የአዲስ አበባ ወንዞች ዕጣ ደረሰው፤ ጠጠርና አሸዋ ተዛቀበት፣ የሕንፃ ፍርስራሽ ተደፋበት፣ ፍሳሽ ተለቀቀበት። እ.ኤ.አ. በ2001 የሪያድ ልማት ባለሥልጣን ሸለቆውን መልሶ የማቅናቱን ሥራ ጀመረ፤ ንድፉንም የካናዳው ሞሪያማና ቴሺማ የአርክቴክቶች ቢሮ ከእንግሊዙ የምህንድስና ድርጅት ቡሮ ሃፖልድ ጋር ያዘው። ፍርስራሹ ተጠረገ፤ የጎርፍ መውረጃው ተስተካከለ፤ ዛፍ ተተከለ።

በሥራው ውስጥ ከሁሉ የሚደንቀኝ ውሃው የሚጣራበት መንገድ ነው። ማጣራቱን የሚሠሩት ሕያዋን ናቸው። ውሃው በድንጋይ እርከን ላይ እየተንኮታኮተ አየር ይቀበላል፤ ቀጥሎም ቁጥራቸው ከመቶ ወደሚበልጥ ጥልቀት የሌላቸው ክፍሎች ይገባል። በዚያ ባክቴሪያና አልጌ በውሃው የቀረውን ቆሻሻ ይመገባሉ፤ አልጌውን ነፍሳትና ዓሣ ይበሉታል፤ ዓሣውንና ነፍሳቱን ወፍ ይለቅማቸዋል። ከዓሣዎቹ አንዱ የጣናና የዝዋይ ሰው ቆሮሶ ብሎ የሚጠራው ዓይነት ነው። በዚህ ወንዝ ላይ ወፍ ደመወዝ የማይከፈለው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው ማለት ይቻላል። ሥራው በ2010 የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማትን አገኘ።

ዛሬ በአል ሐይር የሸምበቆ ጥግ ብዙ ዓይነት ሽመላ አለ፤ ግራጫው፣ ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ሌሊት የሚያድነው፣ አንገቱን ቀብሮ ከሸምበቆው ጋር የሚመሳሰለው ትንሹ። የውሃ ዶሮም አለች። በጸደይና በመጸው ከአውሮፓና ከመካከለኛው እስያ ወደ አፍሪካ የሚሻገሩ ወፎች ይወርዱበታል፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው ወደ እኛ አገር ይዘልቃሉ። ከሸምበቆው ላይ ጎጆ እየጎነጎነ የሚያንጠለጥለው ባለ ሰረዝ ደረት ወፍ ግን ተሰዳጅ አይደለም። አገሩ ደቡብ እስያ ነው፤ ወደ ዓረቢያ የገባው በሰው እጅ ነው፤ ያገኘው ረግረግ ተስማማውና እዚያው ቀረ። ሪያድ ወንዝ ስትሠራ የአገሬውን ወፍ ብቻ መርጣ ማስገባት አልቻለችም።

ዝይስ? የዱር ዝይ በመካከለኛው ዓረቢያ ብርቅ የክረምት እንግዳ ነው። ዛሬ ወደ ሪያድ መናፈሻ የሄደ ሰው እንደ ቶሮንቶ ወይም እንደ ዴንቨር ነዋሪ የዝይ ኩስ እየዘለለ አይራመድም። ስለ ዝይ እዚህ ማንሣቴ የዝይ ጉዳይ በዓለም ላይ ከወፍ አያያዝ ሁሉ በብዛት የተሞከረ፣ በብዛትም የከሸፈ በመሆኑ ነው። የሌላው ሰው ስሕተት በነፃ የሚገኝ ትምህርት ነው፤ አለመውሰድ ያስቆጫል።

ዝይ ከዳክዬ የሚለየው በሆዱ ነው። ሣር ይግጣል፤ ያውም አጭርና ለጋ ሣር። ውሃን የሚፈልገው ለመሸሸጊያ ነው፤ አውሬ ሲመጣበት ከነጫጩቶቹ ዘሎ የሚገባበት። ስለዚህ ለዝይ ገነት ማለት እስከ ውሃው ጠርዝ ድረስ የታጨደ፣ ቀበሮ የማይደበቅበት፣ ዙሪያ ገባው የሚታይ መስክ ነው። የከተማ መናፈሻ ነዳፊዎች መቶ ዓመት ሙሉ ሲሠሩ የኖሩት ደግሞ በትክክል ይህንኑ ነው። በሰሜን አሜሪካ ግዙፉ የካናዳ ዝይ ጠፍቷል ተብሎ ተደምድሞ ነበር፤ በ1962 በሚኒሶታ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ፣ ሐሮልድ ሐንሰን የሚባል ተመራማሪ እንዳልጠፋ አረጋገጠ። ደስታ ሆነ፤ ተራባ፤ በየግዛቱ ተለቀቀ። ሐይቅና ሣር ያለበት ከተማ ሁሉ ተመቸው፤ ብዙው ስደቱን ትቶ ነዋሪ ሆነ። ትውልድ ሳያልፍ ሊጠፋ ነው የተባለው ወፍ አቤቱታ የሚቀርብበት ወፍ ሆነ።

ለመቀነስ ያልተሞከረ የለም። ማስፈራራቱ ቀላሉ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ሪባን፣ ርችት፣ የቀበሮ ምስል። ዝይ ግን ብልጥ ነው፤ የማይነክሰውን ነገር በጥቂት ቀን ይለየዋል። የተሻለ የሚሠራው ቦርደር ኮሊ የሚባለው የበግ ጠባቂ ውሻ ነው፤ አይነክስም፣ ግን ያደባል፣ አሳድዶም ውሃ ውስጥ ይገባል። ዴንቨር ከተማ ጉዚኔተር የሚባል፣ ደማቅ ብርቱካንማ ቀለም የተቀባ፣ ከርቀት የሚነዳ መሣሪያ ስታሯሩጥባቸው ቆይታለች። ማባረር ግን ዝይውን ከአንዱ መናፈሻ ወደ ሌላው ያዛውረዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ቁጥሩን የሚነካው የእንቁላሉ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ዘርዘር ልበል፤ ጥበብ ያለው ነውና። እናቲቱ አምስት ስድስት እንቁላል ጥላ ለአራት ሳምንት ያህል ትታቀፋለች። እንቁላሉን ወስደህ ብትጥለው ሌላ ትጥላለች። ስለዚህ ሠራተኞቹ እንቁላሉን ከጎጆው አያጠፉትም፤ የበቆሎ ዘይት ይቀቡታል። ዘይቱ የቅርፊቱን ቀዳዳዎች ደፍኖ አየር ይከለክላል፤ ጽንሱ አያድግም፤ እናቲቱ ግን ምንም ስላልጎደለባት መታቀፏን ትቀጥላለች። ጊዜው ሲያልፍ ትታው ትሄዳለች፤ በዚያ ዓመት ዳግም ለመጣልም ወቅቱ አልፎባታል። ከመቀባቱ በፊት እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ይከቱታል። ከሰመጠ ገና ጅምር ነው፤ ከተንሳፈፈ ግን ጽንሱ ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖታልና ርኅራኄ ያለው ሥርዓት እንዲተዉት ያዛል። ይህን ሁሉ ለማድረግ በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥቱን ማሳወቅ ግድ ነው፤ የ1918ቱ የተሰዳጅ ወፎች ሕግ እንቁላሉንም ይጠብቃልና። የዘዴው ጉድለት ትዕግሥት መጠየቁ ነው። ዝይ ከሃያ ዓመት በላይ መኖር ይችላል፤ ልጅ ባይጨምርም ያለው አለ።

ትዕግሥቱ ያለቀባቸው ወደ መግደል ሄደዋል። ዝይ በዓመት አንድ ጊዜ የክንፉን ላባ በሙሉ ጥሎ ለሳምንታት መብረር አይችልም፤ ያኔ እንደ በግ ነድቶ አጥር ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ዴንቨር በ2019 ይህን አድርጋ ሥጋውን ለችግረኞች ሰጠች፤ ከነዋሪዎቿም ብርቱ ተቃውሞ ገጠማት። ኒው ዮርክ ለዚሁ የቆረጠችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2009 አንድ የዩኤስ ኤርዌይስ አውሮፕላን ከዝይ መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ከጠፉበትና ሐድሰን ወንዝ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። 155ቱም ሰዎች ተረፉ። የላባው ምርመራ የገለጠው ነገር ግን ያስገርማል፤ ከሞተሮቹ የወጣው ቅሪት የከተማዋ ነዋሪ ዝይ ሳይሆን ከካናዳ የመጣ የተሰዳጅ ዝይ ነበር። መናፈሻዎቹን ማጽዳቱ ያንን መንጋ ባላስቀረውም ነበር።

ወፍና አውሮፕላን ሲነሣ እኛ ሐድሰንን ለመጥራት አንገደድም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የእርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት። አብራሪዎቹ ለመመለስ ታገሉ፤ አውሮፕላኑ በሆዱ አርፎ ተቃጠለ፤ 35 ሰዎች ሞቱ። ሐድሰን ፊልም ተሠርቶለታል፤ ባሕር ዳርን ግን ከበረራ ደኅንነት ባለሙያዎች ውጭ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የከተማ ውሃና ሣር የት ይሁን ሲባል የአውሮፕላን ማረፊያውን አቅጣጫ መጠየቅ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ለሪያድ የሚያሰጋት ግን የካናዳው ዝይ አይደለም። የሚያሰጋት የእኛው ዘመድ ነው፤ ዓይኑ ዙሪያ ኩል የተኳለ የሚመስለው፣ ቡናማው የግብፅ ዝይ። ስሙ የግብፅ ይሁን እንጂ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጣና ዳር የሚያየው ሰው እንግዳ ነው አይለውም። በአገራችን ዝይና ዳክዬ የሚያድን ሰው እምብዛም የለም፤ የምግብ ሥርዓታችን ከልክሎታል። የውጭ አገር ወፍ ተመልካቾች የኢትዮጵያን ውሃ ወፎች ድፍረት አይተው የሚደነቁት ከዚህ የተነሣ ነው። ከአዲስ አበባ ጥግ፣ ገፈርሳ ግድብ ዳር፣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር ሌላ አገር የሌለው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ሰው እያየው ሣሩን ይግጣል። እርሱን "መቆጣጠር" የሚል ሐሳብ ለማንም አልመጣም፤ ለገፈርሳው ዝይ የሚያስፈልገው ረግረጉ እንዳይታረስበት መጠበቅ ነው።

የግብፁ ዝይ ግን ከአገሩ ሲወጣ ጠባዩ ሌላ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ለመኳንንት ጌጥ ተብሎ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በኋላም በኔዘርላንድ አምልጦ ተራባና ጀርመንን ወረረ። ዛፍ ላይም፣ የሕንፃ ጣሪያ ላይም፣ የሌላ ወፍ አሮጌ ጎጆ ውስጥም ይፈለፍላል፤ ስለዚህ ለካናዳው ዝይ የሚሠራው የዘይት ዘዴ ለእርሱ መሰላል ይጠይቃል። በጎጆ ጊዜ ቁጡ ነው፤ ሌላውን የውሃ ወፍ አያስጠጋም። ፍራንክፈርት ውስጥ የብሬንታኖባድን መዋኛ ሣር ወርሶ ዋናተኛውን ሲያስቸግር ከተማዋ ጥቂቶቹን አስተኮሰች፤ ሕዝቡ ተከፍሎ ተጨቃጨቀ። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 በወራሪ ዝርያዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ ወዲህ በኅብረቱ አገሮች ማርባትም መሸጥም ክልክል ነው። ይህ ወፍ በጌጥነት ገብቶ በዱባይና በአቡ ዳቢ በመናፈሻዎችና በሰው ሠራሽ ሐይቆች ዳር መራባት ከጀመረ ቆይቷል። ሙቀቱን ይችላል፤ ሣርና ውሃ ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። ከዱባይ ሪያድ ድረስ በክንፍ መምጣት እንኳ ባይሆንለት፣ በወፍ ነጋዴ ቅርጫት መምጣት ይችላል።

ቅርጫቱን እንደ ቀልድ አላነሣሁትም። የሪያድ የዛሬ የወፍ ጣጣ ከሞላ ጎደል በቅርጫት የመጣ ነው። በከተማዋ የሚታዩት አረንጓዴ በቀቀኖች ከየቤቱና ከወፍ ገበያ ያመለጡ ናቸው። ቢጫ ምንቃር ያለው፣ ሲራመድ የሚንቀባረረው ማይናም ከደቡብ እስያ ለድምፁ ተፈልጎ የመጣ ነው፤ ዛሬ የመብራት ምሰሶ ቀዳዳ እንኳ አይቀረውም፤ ሌላውን ወፍ ከጎጆው አስወጥቶ ይገባበታል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በመቶዎቹ የከፉ ወራሪዎች ዝርዝር ውስጥ ካስገባቸው ሦስት ወፎች አንዱ ነው። በ2019 የተቋቋመው የሳዑዲ ብሔራዊ የዱር እንስሳት ማዕከል በጂዛንና በፋራሳን ደሴቶች በመርከብ የገባውን የሕንድ ቁራ የመቀነስ ዘመቻ ይዟል፤ ቁራው የባሕር ወፎችን እንቁላልና ጫጩት ስለሚጨርስ። ከተማ ውስጥ መተኮስ አይቻልም፤ አደን በፈቃድና በወቅት ነው፤ ከከተማና ከመንደር ውጭም ነው። ስለዚህ በሪያድ መሐል የሚቀረው መንገድ ወጥመድና ምግብ መንሣት ነው።

የከበደው ምግብ መንሣቱ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሐኒፋን ሸለቆ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ቤተሰቡ ምንጣፉን አንጥፎ፣ የቡናውን ቴርሞስና የሩዙን ትሪ ዘርግቶ እስከ ሌሊት ይቀመጣል። ከሸለቆው ምሥራቃዊ ዳርቻ ብዙም የማትርቀው መንፉሃ ደግሞ ሐበሻ የሰፈረባት ሰፈር ናት፤ የእኛም ሰው ለመናፈስ ወደዚያው ይወርዳል። እንጀራ የአምላክ ጸጋ ነው የምንል እኛም፣ ዳቦን ከቆሻሻ ጋር መጣል ኃጢአት ነው የሚሉት እነርሱም፣ የተረፈውን ለወፍ መተው ጽድቅ እንደሆነ ነው ያደግንበት። ከዚህ ልማድ ጋር "ወፎችን አትመግቡ" የሚል ሰሌዳ ብቻውን የትም አይደርስም፤ ይህን የሚለውን ሰው ጨካኝ ያስመስለዋል። ይልቁን የሚሠራ የሚመስለኝ ትርፍራፊው በየቦታው እንዳይበተን መክደኛ ያለው መያዣ በየምንጣፉ መቀመጫ አጠገብ ማኖር ነው። ሩዙን የሚለቅመው ያ ሽመላ ሳይሆን ማይናና ቁራ መሆኑንም ለሕዝቡ በቋንቋው መንገር፤ በዓረብኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም በኡርዱም።

አሁን ወደ ትልቁ ሥራ እንመለስ። "አረንጓዴ ሪያድ" የሚባለው በ2019 የታወጀው ዕቅድ 7.5 ሚሊዮን ዛፍ ይተክላል፤ ለመስኖ የሚውለውን የታከመ ፍሳሽ በቀን ከ90,000 ሜትር ኩብ አንሥቶ ከአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ያደርሳል። በዚያው ዓመት የታወጀው የንጉሥ ሰልማን መናፈሻ ደግሞ በቀድሞው የሪያድ አየር ማረፊያ ላይ ከ13 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። ከከተማዋ መሐል ቀድሞም ሰው ሠራሽ ሐይቅና ሣር ያለው ሰላም መናፈሻ አለ፤ የሚመጣው ግን ስፋቱ ሌላ ነው። ዛፍ ሲበዛ ለበቀቀንና ለማይና ቤት በዛ። ሣርና ውሃ በአንድ ላይ ሲበዙ ደግሞ ለዝይ።

ዝይውን የሚወስነው ከውሃው ጠርዝ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ጥቂት ሜትር መሬት ነው። በአል ሐይር ያ ቦታ ሸምበቆ ነው፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ሽመላውን ይሸሽጋል፤ ዝይ ግን በውስጡ አሻግሮ ማየት ስለማይችል ይፈራዋል። በሌላው ዓለም ያሉ መናፈሻዎች ዝይ ከሰፈረ በኋላ ሣሩን ነቅለው ጠርዙን በረጅም ሣርና በቁጥቋጦ መልሰው ሲሸፍኑ ይታያል፤ ይህ ከቦርደር ኮሊም ከዘይትም የበለጠ ዘላቂ ሆኖ ተገኝቷል፤ ግን ሁለት ጊዜ ተከፍሎበታል። ጉዳቱ እይታው ላይ ነው። ሕዝቡ ውሃውን ማየት ይወዳል፤ ልጅ እግሩን ማስነከር ይፈልጋል፤ ጥበቃም ሸምበቆ ውስጥ ማን እንዳለ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ሰው የሚቀርብበትን ጠርዝ በድንጋይ እርከን ወይም ቀጥ ባለ ግንብ ሠርቶ፣ ሌላውን ለሸምበቆ መስጠት ነው ያለው አማራጭ፤ ዝይ ከውሃ ወደ ሣር በእግሩ መውጣት ካልቻለ፣ በተለይ ጫጩቶቹን ይዞ፣ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ሐኒፋ ላይ የተደረደሩት ድንጋዮች የተቀመጡት ውሃው ውስጥ አየር ለማስገባት ነበር። ለዚህም ሥራ ያገለግላሉ፤ ድንጋይ ደግሞ የታከመ ውሃ አይጠጣም፤ ሣር ግን በሪያድ ሐምሌ በየዕለቱ ይጠጣል።